4.4 ስለሚባለው አንቀጽና ስለ አባቴ ክፍል በር

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመመሪያ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
በቢሮዎ

ጉዳዩ፦ አንዲት አሃዝ እንድትታረም በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የደም ግፊትዎ በልኩ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎም ከወገብዎ ጋር የተስማማ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና መስኮቱ ወደ አትክልቱ እንጂ ወደ ጠያቂዎች አግዳሚ ወንበር እንደማያይ ስለማውቅ፣ ከወንበሩ አካባቢ ያለውን ወሬ ላድርስዎ ብዬ ይህን ደብዳቤ ሁሉም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ አቅርቤያለሁ። በግል የጻፍኩልዎት ሦስቱ መንገድ ስለሳቱ ነው እንጂ ክብርዎን በሰው ፊት ለመንካት አስቤ አይደለም።

እኔ ከሆስፒታሉ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱና ከመነጽር ቤቱ መካከል ያለችው የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ። በመልክ አያውቁኝ ይሆናል፤ የእጄን ሥራ ግን ያውቁታል፤ ከሥሩ ፊርማዎ አርፎበት በየበሩ ተለጥፏል። አባቴ በቅርቡ በሁለተኛው ፎቅ፣ በአልጋ ቁጥር አሥራ ስድስት ላይ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ሞተ። ስለ ሕክምናው ቅሬታ የለኝም፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፣ ነርሶቹም ደጎች ነበሩ። ቅሬታዬ ስለ አንዲት አሃዝ ነው። አባቴ ሲሞት እኔ ከበሩ ውጭ ነበርኩ፤ ያስቀረችኝም እሷ ናት። ዛሬም እዚያው በር ላይ ሌላ ሰው አስቀርታለች፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም እሷ እንድትታረም ብቻ ነው።

ማንኛውም ቅሬታ ቢያንስ በሦስት ደረጃ ተከፋፍሎ፣ ቁጥሮቹም በእጅ የተመቱ ሳይሆኑ ኮምፒውተሩ በራሱ የሰጣቸው ሆነው እንዲቀርብ መመሪያዎ ስለሚያዝ፣ ትእዛዝዎን አክብሬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ስለ ቁጥር አሰጣጥ

1.1 ክቡርነትዎ የሚያዙትን ነገር ሁሉ መሥራት ግዴታዎ ስላልሆነ፣ ባለ ብዙ ደረጃ ተራ ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ ይፈቀድልኝ። አንቀጹ 4 ከሆነ ልጁ 4.1፣ የልጅ ልጁ ደግሞ 4.1.1 ይባላል። ይህን በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። አንደኛው ቁጥሩን እንደማንኛውም ፊደል በጣት መምታት ነው። ሁለተኛው ለኮምፒውተሩ ይህ ዋና ነው፣ ይህ ልጅ ነው፣ ይህ የልጅ ልጅ ነው ብሎ ለየደረጃው የራሱን ስታይል፣ ማለትም የአንቀጽ መልክ፣ መስጠትና ቁጥሩን ለእሱ መተው ነው። በዚህኛው መንገድ የተሠራ ጽሑፍ መሐሉ ላይ አዲስ አንቀጽ ቢገባበት፣ ከታች ያሉት ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው አንድ አንድ እርምጃ ይጠጋሉ፤ ልጆችም ወላጃቸውን ተከትለው ይሄዳሉ። ሃያ ሦስት ዓመት ስሠራበት አንድም ቀን ልጅ ከወላጁ ተነጥሎ ሲቀር አላየሁም፤ በኮምፒውተር ላይ ማለቴ ነው።

1.2 ችግሩ ያለው ማጣቀሻው ላይ ነው። ሌላ ገጽ ላይ «በአንቀጽ 4.4 የተመለከቱት ሰዎች» ተብሎ በጣት የተመታ ቁጥር ካለ፣ ኮምፒውተሩ እሱን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው። አንቀጾቹ ሲንቀሳቀሱ እሱ ባለበት ይቀራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ማጣቀሻውን ከአንቀጹ ጋር ማሰር ነው። ከታሰረ በኋላ አንቀጹ የትም ቢሄድ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ለአንድ ማጣቀሻ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

1.2.1 እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የጠያቂዎችን መመሪያ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቀጾቹን እንደ ወጉ በደረጃ አሰናድቼ፣ ሠላሳ ስምንቱን ማጣቀሻ አንድ በአንድ ለማሰር ስጀምር፣ ምክትልዎ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከኋላዬ ቆመው፣ «እህቴ፣ ቁጥር ቁጥር ነው፤ ዝም ብለሽ ምቺው፤ ሰውየው ብዕር ይዞ እየጠበቀ ነው» አሉኝ። ሰውየው እርስዎ ነዎት። ወደ ኋላ እንደሚያስቸግር ነገርኳቸው፤ ወደ ኋላ የሚመጣውን ወደ ኋላ እናየዋለን አሉኝ። መታሁት። 4.4ን የመታችው ጣት ይህችው ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የቸኮሉት እሳቸው ቢሆኑም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ሲያነቡ ራሴን ከደሙ ንጹሕ አድርጌ እንዳልቆጠርኩ ይወቁልኝ።

2. ስለ አበባ

2.1 መጀመሪያ ስጽፈው 4.3 ስለ ጥገና ሠራተኞች፣ 4.4 ደግሞ ሕመሙ የጠናበት ሰው የቅርብ ቤተሰብ፣ ማለትም ልጅ፣ ወላጅና የትዳር ጓደኛ ስለሚባሉት ነበር። ከሁለት ገጽ በኋላ ያለው 6.2 «በአንቀጽ 4.4 የተመለከቱት ሰዎች በማንኛውም ሰዓት ገብተው ከሕመምተኛው አጠገብ መቀመጥ ይችላሉ፤ ሌሎች በሙሉ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ» ይላል። ደግ አንቀጽ ነው። ማን እንዳረቀቀው አላውቅም፤ ስጽፈው ግን ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

2.2 ባለፈው ዓመት ክፍልዎ፣ ጠያቂዎች አበባና ፊኛ ይዘው እንዳይገቡ የሚከለክል አዲስ ንዑስ አንቀጽ በአንቀጽ 4 ራስ ላይ አስገባ። ስለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሆስፒታሉ ውስጥ አንድም ሰው በፊኛ ተጎድቶ አላየሁም። አበባው 4.1 ሆነ፤ ከሥሩ ያሉት በተራቸው አንድ አንድ ወረዱ፤ የጥገና ሠራተኞች 4.4፣ የቅርብ ቤተሰብም 4.5 ሆኑ። 6.2 ላይ ያለው የእኔ 4.4 ግን ንቅንቅ አላለም። እርስዎም ፈረሙበት።

2.3 በዚህም መሠረት ሊሞት ካለ ሰው አጠገብ በማንኛውም ሰዓት ገብተው እንዲቀመጡ የተፈቀደላቸው የሊፍት፣ የቧንቧና የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኞች ናቸው። ልጅ፣ ወላጅና የትዳር ጓደኛ «ሌሎች በሙሉ» ናቸው። ይህ ስንት ወር ሙሉ እንዴት ሳይታወቅ ቆየ ቢሉ፣ የቀድሞው የሁለተኛ ፎቅ ዘበኛ ማንበብ ስለማይወዱ የሰው ፊት እያዩ ያስገቡ ነበር። ጡረታ ወጡ። በምትካቸው የመጣው ያነባል።

3. ስለ ዘበኛው

3.1 ይህን ዘበኛ እንዲቀጡት አልጽፍም፤ እንዲያውም ደመወዝ ቢጨምሩለት ደስ ይለኛል፣ በሕንፃው ውስጥ መመሪያዎን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው እሱ ብቻ ነውና። አባቴን ያስገባን ዕለት ነርሷ ሕመሙ የጠና መሆኑን ጽፋ ወረቀት ሰጠችኝ። ዘበኛው ወረቀቱን አየ፣ ከመሳቢያው መመሪያውን አወጣ፣ ጣቱን በ6.2 ላይ አስኬደ፣ ወደ 4.4 መለሰ። ከዚያም ዓይኔን ላለማየት መመሪያውን እያየ፣ «እህቴ፣ ልጁ እንደሆንሽ አላጣሁትም። ግን አንቺ 4.5 ነሽ» አለኝ።

3.1.1 መመሪያውን ተቀብዬ አየሁት፤ ስህተቱ ወዲያው ገባኝ። የራሱን ስፌት የማያውቅ ሰፊ የለም። አስረዳሁት፤ እሱም ገባው። «እውነትሽን ነው እኮ፤ ግን እኔ ምን ላድርግ፣ የፈረሙት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ቁጥር ብቀይር ነገ አንቺ ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለኝ። አራት ልጆች አሉት። አልተቀየምኩትም።

3.2 ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው መግባቴ አልቀረም። መድኃኒት የሚሰጠው ግን ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ በዘጠኝ ሰዓት ስገባ አባቴ ሁልጊዜ ተኝቷል። አሥር ቀን በሙሉ ሲተነፍስ እያየሁ ወጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል፤ እሱ ነቅቶ በሩን በሚያይበት ሰዓት እኔ መንገድ ተሻግሬ የሰው የሥራ ልምድ እጽፋለሁ። ከሱቄ መስኮቱ ይታያል፤ ከግራ ሦስተኛው ነው። እናቴ ስትሞት እጇን ይዞ የነበረው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ከእኔ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፣ «እኔም ስሄድ ሰው አጠገቤ ይኑር፤ አደራሽን» ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬው ነበር።

4. ስለ ቅሬታዬ ጉዞ

4.1 በሁለተኛው ቀን ምክትልዎ ዘንድ ወጣሁ። በጣም በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ሻይ ሁሉ አዘዙልኝ። የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት መመሪያ በቃል እንደማይታረም፣ የጽሑፍ ቅሬታ ካቀረብኩ ግን በአፋጣኝ እንደሚታይ ነገሩኝ። እዚያው ጻፍኩ፤ «በ6.2 ውስጥ 4.4 የሚለው 4.5 ተብሎ ይታረም፤ አባቴ በአልጋ ቁጥር 16 ተኝቷል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በማግስቱ «በደረጃ ያልተከፋፈለ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ።

4.2 አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ደረጃ እንዲኖረው ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ሙያዬ ስለሆነ ግን ቻልኩበት። «በ6.2 ውስጥ» የሚለውን 1፣ «4.4 የሚለው» የሚለውን 1.1፣ «4.5 ይባል» የሚለውን 1.1.1 አደረግኩት፤ አባቴንም በ2 አስገባሁት። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ሦስተኛው ደረጃ ከገጹ ጠርዝ ሦስት ሴንቲ ሜትር መግባት ሲገባው ሁለት ተኩል ገብቷል ተባልኩ። በማስመሪያ ለካሁት፤ ልክ ነበሩ። ለዚህ ጥንቃቄያችሁ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ፤ ይህ ማስመሪያ አንድ ቀን ተሳስቶ አንቀጽ 6.2 ላይ ቢያርፍ ኖሮ እያልኩ መመኘቴን ግን አልሸሽግም።

4.3 በአምስተኛው ቀን ተቀባይነት አገኘሁ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠኝ፤ ኮሚቴው በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እንደሚሰበሰብም ተነገረኝ። የመጀመሪያው ሰኞ ያለፈው ከሁለት ቀን በፊት ነበር። እኔ ያላወቅኩት፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ማንኛውም ማመልከቻ የሚጠቅሰውን አንቀጽ አይቶ ለሚመለከተው ክፍል የመምራት አሠራር እንዳለው ነው። ማመልከቻዬ 4.4ን ጠቀሰ፤ 4.4 ስለ ጥገና ነው። ስለዚህ ወደ ጥገና ክፍል ተመራ። ጥገና ክፍልም አንብቦ የገባው ነገር በአልጋ ቁጥር አሥራ ስድስት አንድ የሚታረም ነገር አለ የሚለው ብቻ ነበር።

4.4 በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኙ ሳጥኑን ይዞ መጣ። እኔ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ዘበኛው ተነስቶ በሩን ከፈተለት። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወጣና የአልጋ አሥራ ስድስት ቤተሰብ ማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ሰፊ ትከሻና ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያገላብጥ ነበር።

4.4.1 ቃሉን እንዳለ ላስቀምጠው። «እህቴ፣ የሚጠገን ነገር አልነበረም፤ ማቀዝቀዣው ደህና ነው። ልወጣ ስል ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡና መጣሽ አሉኝ። ምን ልበል? አዎ አልኩ። ተቀመጪ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። እጃቸውን ሰጡኝ፤ ያዝኩ። ደወሉን ተጭኜ ነርሷን ጠራኋት፤ እሷም አይታ እንዳትነሳ ብላ ጠቀሰችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ድምፄን ለማቅጠን ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።»

4.4.2 አመሰገንኩት። የሥራ ማረጋገጫ ቅጹን እንድፈርምለት ሰጠኝ፤ የተጠገነ ዕቃ በሚለው ባዶ ትቶ፣ የፈጀው ጊዜ በሚለው አርባ ደቂቃ ብሎ ሞልቶ ነበር። ፈረምኩለት። ከዚያ በኋላ ዘበኛው በሩን በሰፊው ከፈተልኝ፤ የሟች ቤተሰብን የሚመለከተው አንቀጽ 8 ውስጥ ስለሆነ ቁጥሩ አልተዛነፈም። ገብቼ አየሁት። እጁ ገና ሙቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ከሌላ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ምን እንደምሠራ ስላላወቅኩ መንገዱን ተሻግሬ ሱቄን ከፈትኩ፤ አንድ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ቆሞ ነበር፤ ከፊትም ከኋላም ገለበጥኩለት። ወረቀት አልቆ ነበር፤ ሞላሁ። አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። ሰዎች ጠንካራ ናት ይላሉ፤ እኔ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ነው የሚሰማኝ፤ ይኑር አይኑር የማይታወቅ።

ይህ ነገር 4.4 ላይ የወደቀው ኮምፒውተሩ ራሱ ባወጣው ተራ ነው፤ እኔ አልመታሁትም።

4.5 የጥገና ክፍሉን በዚህ አጋጣሚ ከልብ አመሰግናለሁ። በሆስፒታሉ ውስጥ ማመልከቻዬን ተቀብሎ ሰው የላከልኝ ክፍል እሱ ብቻ ነው።

5. ስለ ሐዘን መግለጫዎና ስለምለምንዎት ነገር

5.1 አባቴ በሞተ በሰባተኛው ቀን የሐዘን መግለጫ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው የተሳለቁ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እኔ ግን አላልኩም። ደብዳቤው በሦስት ተራ ቁጥር የተከፈለ ነበር። 1 ሐዘንዎን ይገልጻል። 2 የሟችን መነጽርና ጫማ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ እንድወስድ ያሳስባል። 3 ከዚህ ጋር ተያይዞ የተላከውን የጠያቂዎች እርካታ መጠይቅ ሞልቼ እንድመልስ በትሕትና ይጠይቃል። ሞላሁት። «በቆይታዎ ወቅት ሠራተኞቻችን ከሕመምተኛው ጎን ነበሩን?» ለሚለው ጥያቄ፣ አዎ፣ አንድ ነበር ብያለሁ።

5.2 መነጽሩንና ጫማውን ለመውሰድ ስሄድ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት አገኘሁ። ባሏ በአልጋ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። የሸሚዙ አንገት አልቆ ስለነበር ገልብጣ እየሰፋችለት ነበር፤ ሲድን እንዲለብሰው ነው። ሲነቃ እሷን ካላየ ይደነግጣል፤ ለነርሶቹም አፉ እሺ አይልለትም፤ እሷ ብቻ ናት የምትሰማው። ዘበኛው 4.5 ነሽ ብሏታል። እሷም ስለ እኔ ከሰው ሰምታ ኖሮ፣ «እቴ፣ አንቺ ጽሕፈት ታውቂያለሽ አሉ፤ እስቲ ንገሪልኝ። ቁጥሬ ስንት ቢሆን ነው የምገባው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሸሚዙን ጭኗ ላይ አድርጋ መልሴን ትጠብቅ ነበር። ቁጥሯን የማውጣው እኔ ብሆንም የመቀየር ሥልጣን የለኝም አልኳት። አልገባትም። እኔም ስናገረው አልገባኝም።

5.2.1 የእኔ ነገር አልፏል፤ የኔን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም፤ ቢጠየቅም የሚመለስ አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በገጽ አምስት፣ ከላይ ስምንተኛው መስመር ላይ ያለችው ሁለተኛዋ አራት፣ አምስት ትሁን። ኮሚቴ አያስፈልጋትም፣ በጀት አያስፈልጋትም፣ የውጭ አማካሪ አያስፈልጋትም። በእስክሪብቶ ሰርዘው ከጎኗ ቢፈርሙባትም ዘበኛው ይቀበላል፤ ጠይቄዋለሁ። ሐኪሙ ለሴትዮዋ ባል የሰጠው ጊዜ ሳምንታት ነው፤ ቀጣዩ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ገና አሥራ ስምንት ቀን ይቀረዋል።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ባይሰጡኝም፣ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። የሦስተኛ ፎቅ አየር ይስማማዎት፤ ቤተሰብዎ በጤና ይክበብዎት፤ አንድ ቀን ታመው ቢተኙ፣ እንዲያው አያድርገውና፣ ልጆችዎ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ተሰልፈው ይገኙ።

ከታላቅ አክብሮትና ደረጃውን ከጠበቀ ትሕትና ጋር፣
በመመሪያዎ 4.5፣ በበርዎ «ሌሎች በሙሉ»፣ በአባቷ ቤት የመጀመሪያ ልጅ የሆነች፣
ታዛዥዎ፣ የፊት ለፊቷ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለጥገና ክፍል (ጉዳዩ እዚያው መድረሱ ስለማይቀር)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ገና ሳላወጣው፣ ባለፈው ሰኞ ምክትልዎ ፍላሽ ይዘው ወደ ሱቄ መጡ። ክፍልዎ አዲስ ዓርማ ስላሠራ ዓርማው በመመሪያው ሽፋን ላይ እንዲገባና ርእሱም ጎላ እንዲል ፈልገዋል። «ሌላውን እንዳትነኪ» ብለውኝ ዕቃ ሊገዙ ሄዱ። ዓርማውን አስገባሁ፤ ርእሱን አጎላሁት። ከዚያም ያኔ ማሰር የነበረብኝን ሠላሳ ስምንቱንም ማጣቀሻ አንድ በአንድ ከየአንቀጻቸው ጋር አሰርኩ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ማክሰኞ ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው አወጡት፤ ረቡዕ ጠዋት በሩ ላይ ተለጠፈ። ዘበኛው 6.2ን በጣቱ አነበበ፣ ወደ አንቀጽ 4 ተመለሰ፣ ደግሞ አነበበ፤ ከዚያም ተነስቶ ለሴትዮዋ በሩን ከፈተላት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባሏ አጠገብ ናት። ባለፈው ዓመት ሳያነቡ የፈረሙት አባቴን ከእኔ ለየው፤ ዘንድሮ ሳያነቡ የፈረሙት አንዲት ሚስት አስገባ። ስለዚህ እባክዎን፣ ይህንንም ደብዳቤ እንደ ልማድዎ አያንብቡት።